ቢላው እኔ ጭን ላይ ቀረ

ግቢያችን ውስጥ ጀልባ ነበረን ብል ዛሬ ማን ያምነኛል? ያውም ቦሌ! ሐይቅ በሌለበት፣ ወንዙ እንኳ በበጋ ድንጋዩን አስጥቶ በሚተኛበት ሰፈር። ግን ነበረን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ፣ ያኔ ገና ግማሹ የጤፍ ማሳ፣ ግማሹ የፈረንጅ ቪላ በነበረው አካባቢ፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ በአንድ የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። ከቤቱ ኋላ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ አንዲት ነጭ ጀልባ በጎማ ጋሪ ላይ ተቀምጣለች። ዶሮዎቼ እንቁላል የሚጥሉት እሷ ውስጥ ነበር።

ወንድሜን "ጋሼ" ነው የምለው። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ ጋራዥ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ ቀለም ይቀባል፤ ቤት ሲገባ ቲነር ቲነር ይሸታል። እኔ ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ለልብስ ቅድ ከምቆርጣቸው አሮጌ ጋዜጦች ላይ ነው። የሸሚዙን ክንድ ስቀድ ወሬው መሀሉ ላይ ይቆረጥብኛል፤ መጨረሻውን ለማወቅ ደግሞ ሌላኛውን ክንድ እፈልጋለሁ። እንዲህ እንዲያ ስል አንባቢ ሆንኩ።

ጀልባዋን የሰጠው ጋሼ ቤቱን ይቀባለት የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ዘይት ሐይቅ እየወሰደው ነፋስ የሚገፋውን ሸራ ያስጎትተው ነበር። ለውጡ መጥቶ ፈረንጆቹ ሻንጣ ሻንጣቸውን ሲይዙ "ውሰዳት፣ ያንተ ናት" አለው። ጋሼም ከቪላው እስከ ቤታችን በቦሌ መንገድ ጋሪውን እየጎተተ መጣ። የታክሲ ሾፌሮች መስኮት ዝቅ እያደረጉ "አንተ! የጥፋት ውሃ መጣ እንዴ?" እያሉ አሾፉበት። ጋሼ ግን ሙሽራ ይዞ እንደሚገባ ሰው ነበር ፊቱ።

ታሪኬ የሚጀምረው ግን ከጀልባዋ አይደለም። ከአንድ ጩኸት ነው።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት እናት ነበሩ። ባል የላቸውም፤ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ አሏቸው። ልጁ ለስላሳ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያይ መሬት መሬት የሚያይ ተማሪ ነበር። አንድ ጠዋት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች መጡ። እኔ ውሃ ልቀዳ ደጅ ወጥቼ ነበር፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። ልጁን በፀጉሩ ይዘው እየጎተቱ ከደረጃው ጋር አጋጩት። ጥርሱ ይሁን ድንጋይ፣ አንድ ነገር ኳ ሲል ሰማሁ። እናቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡና "ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ!" አሉ።

እኛ ያደግንበት አገር ኡኡ ከተባለ ይወጣል። ጅብ ይግባ፣ ቤት ይቃጠል፣ ባልና ሚስት ይደባደቡ፣ "ምን ሆነህ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይጠየቃል። የተኳረፈ ጎረቤት ሳይቀር ይወጣል። እኔም እግሬ ተነሣ። በሩ ጋ ሳልደርስ የጋሼ እጅ ከኋላ መጥቶ አፌን ከደነው። ቲነር የሚሸት፣ ሸካራ እጅ። ግድግዳው ላይ አጣብቆ ያዘኝ። እናትየዋ ኡኡ አሉ፣ አሉ፣ አሉ፤ የሰፈሩ በር ሁሉ እየተዘጋ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ይሰማል። ኋላ ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ጡሩምባ ሆነና ዝም አለ።

"ስሚ" አለኝ ጋሼ፣ እጁን ሳያነሳ። "ምንም ቢመጣ። እኔንም ቢወስዱኝ፣ ዓይንሽ እያየ ቢገድሉኝም፣ ድምፅሽን እንዳልሰማ። ኡኡ ያለ ሰው ነው ቀጥሎ የሚወሰደው። ገባሽ?"

በጭንቅላቴ እሺ አልኩት። ልጁ አልተመለሰም። እናቱም ከዚያ ወዲያ በግቢያቸው ውስጥ በሹክሹክታ ብቻ የሚናገሩ ሴት ሆኑ።

እንግዲህ ይህን ያዙልኝና ወደ ጀልባዋ ልመለስ። በጾሙ ወር የቀበሌው ሰዎች ግቢያችን ገብተው ጀልባዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት። አንደኛው "የሸሸ ፈረንጅ ንብረት የሕዝብ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንወስዳታለን" አለ። ለምን እንደሚፈልጓት እሱም የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሲሄዱ ጋሼ እኔ ወዳለሁበት መጣና "ሸራውን ጥፊልኝ" አለኝ። "ሳይወስዱብኝ አንድ ቀን ውሃ ላይ ላያት።"

ሸራውን አይጥ በልቶት ነበር። ከወታደር ዕቃ ጋር መርካቶ የሚሸጥ የአየር ወለድ ጃንጥላ ጨርቅ ገዝቼ፣ በናይለን ክር ድርብ ድርብ አድርጌ ጣፍኩት። እሑድ ዕለት የጋራዡ ሾፌር ጋሪውን በፒካፑ ጎትቶ ወሰደን። አቃቂ ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቆመን።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጀልባ" አለ ጋሼ።

"ጀልባ ለምን?"

"ውሃ ላይ ለመሄድ።"

"ታሾፍብኛለህ?"

"ኧረ በፍጹም፣ ጌታዬ። ሌላ ምን ይሠራል?"

ወታደሩ የተጠቀለለውን ሸራ አየ። የተከለከለ ወረቀት ደብቀን እንደሆን ብሎ ሳንጃውን አወጣና ሸራውን ጠቅ ጠቅ አደረገው። ጨርቁ ሲቀደድ ሆዴ ላይ የወጋኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ምንም ሲያጣ "ሂዱ፣ እብዶች" ብሎ ለቀቀን። መንገዱን ሁሉ መኪናው እያነጠረኝ ቀዳዳውን ስሰፋ ሄድኩ።

የደብረ ዘይት ሐይቆች ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ዳርቻቸው ገደል ነው። ማለዳ ስንደርስ ውሃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ሾፌሩ ጀልባዋን አስገብቶልን ዘመዶቹ ጋ ሄደ። ጋሼ ሸራውን ሰቀለ። እኔ ዋና አልችልም፤ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ነጠላዬን ሳይቀር ወገቤ ላይ አስሬ ተቀመጥኩ። ጀልባዋ ግን ስትሄድ ድምፅ የላትም! ሳቅኩ። ጋሼም ሳቀ። የጎረቤት ልጅ ከተወሰደበት ጠዋት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

"አየሽ?" አለኝ። "ቤንዚን የለ፣ ራሽን የለ። ማን ያስቆመናል?"

ረፋድ ላይ ነፋሱ መጣ። እዚያ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ከገደሉ አፋፍ እንደ ደነበረ በሬ ዘሎ ይወርዳል። ውሃው በአንድ ጊዜ ጠቆረ። ጀልባዋ ወደ ጎን ተጋደመችና መሮጥ ጀመረች። ጋሼ ገመዱን ይዞ "ቁጭ በይ! ዝቅ በይ!" ሲለኝ፣ በሩጫዋ መሀል አንድ ነገር ከሥር ጨምድዶ ያዛት። ሁለታችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ሸራውን የሚወጥረው አግዳሚ እንጨት ዞሮ ጆሮዬ ላይ አረፈብኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። ጋሼ ግንባሩ ምሰሶው ላይ ተፈንክቶ ደሙ በቅንድቡ ላይ ይወርዳል።

ጀልባዋ ቆማለች፤ ነፋሱ ግን አልቆመም። ሸራውን ይገፋል፣ ጀልባዋ መሄድ አትችልም፣ ስለዚህ ትጋደማለች። ውሃ በጠርዙ ይገባል። ጋሼ ሸራውን ሊያወርድ ገመዱን ቢጎትት ተቀርቅሮ እምቢ አለው። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና "መረብ" አለ።

ኋላ እንደሰማሁት የዚያ ሐይቅ አስጋሪዎች በጾም ወራት መረባቸውን ይደብቃሉ። ዓሣ ስለሚፈለግ ሌባ ይበዛል። ሌላ ጊዜ ከነጠላ ጫማ ላስቲክ የቆረጡትን ምልክት ውሃው ላይ ያንሳፍፉታል፤ በጾም ግን ድንጋይ አስረው ክንድ ያህል ከውሃው በታች ያሰጥሙታል። የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከጀልባችን ሆድ ደግሞ እንዳትጋደም የሚይዛት ረጅም ሳንቃ ወደ ታች ይወርዳል። መረቡ በዚያ ሳንቃና ከኋላ ባለው መሪ ላይ ተጠምጥሟል። ጀልባዋ በተንፈራገጠች ቁጥር ይበልጥ ትጠመጠማለች።

ጋሼ ቢላውን ከኪሱ አወጣ። ቆርቆሮ የሚፍቅበት ሹል ቢላ ነበር። እጁን አስገብቶ የመረቡን ጫፍ ሳበና ሊቆርጥ ሲል ቆመ። ጫፉ ላይ ቀይ የተቀባ ትንሽ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል።

"የማኅበር ነው" አለ።

"ቁረጠው ጋሼ! እየሰጠምን ነው!"

"የማኅበር ነው እያልኩሽ!"

ያን ጊዜ ያልኖረ ሰው ይህን ሞኝነት ይለዋል። ጋሼ ከሚሠራበት ጋራዥ አንድ ሰው መሰርሰሪያ ሰበረ። መሰርሰሪያ! አሻጥረኛ ተብሎ ከሥራው ላይ ተወሰደ፤ ሲወስዱትም ባልደረቦቹ ፊት በጫማ ረገጡት። ጋሼ፣ ሰውየው ሲረገጥ ቆመው ካዩት አንዱ ነው። የሕዝብ ንብረት በተባለ የማኅበር መረብ ላይ ቢላ ማሳረፍ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ያደረገውን አደረገ፤ ቢላውን እኔ ጭን ላይ ጣለው።

"ከያዝኩት እቆርጠዋለሁ" አለኝ። "በእጄ እፈታዋለሁ።"

ጫማውን አወለቀና ገባ።

ዋናው የሕፃን ዋና ነው፤ ፈረንጁ ገንዳ ውስጥ ያስተማረው። ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ይተነፍሳል፣ "ትንሽ ቀረ" ይላል፣ ይጠልቃል። እጁ በናይለኑ ተተልትሎ ሲወጣ ውሃው ዙሪያውን ሮዝ ይሆናል። እኔ በጣሳ ውሃ እየቀዳሁ እደፋለሁ። በዚህ መሀል ከዳር ጩኸት ሰማሁ። ሁለት ሰዎች በእንጨት ጀልባ እየቀዘፉ ወደኛ ይመጣሉ። አንዱ ሽበታም ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው አንገቱ እንደ ግንድ የሆነ ጎልማሳ፣ ኋላ የእህታቸው ልጅ እንደሆነ ያወቅሁት።

"ሌባ!" ይላል ጎልማሳው። "አገኘንሽ! አሻጥረኛ! የማኅበሩን መረብ!"

"አልቆረጥንም!" አልኩ። "ወንድሜ እየፈታው ነው!"

"የኛን ዓሣ እየፈታ ነው? ቆይ ብቻ፣ እጃችሁን ባልሰብረው!"

ለመረብ ማስመጫ ከያዘው ድንጋይ አንዱን አንስቶ ወረወረ። የጀልባዋን ጎን መትቶ ሰነጠቀው። ሁለተኛው ትከሻዬን አገኘኝ፤ ክንዴ ደነዘዘ። ሽማግሌው አልከለከሉትም። እሳቸውም መቅዘፊያቸውን ከውሃ አውጥተው እንደ ዱላ ይዘውታል። "ጠጋ አድርገኝ ብቻ" ይላሉ። "ጠጋ አድርገኝና ጭንቅላቱን ልክፈልለት።"

ይህን ጊዜ ነፋሱ ጀልባዋን አዞራት። መረቡ ከሥር ሲወጠር እንደ ክራር ጅማት ጮኸ። የጋሼ እጅ ጠርዙን ያዘ፤ አራት ጣቶቹን አየሁ፣ ጥፍሮቹ ነጭ ሆነዋል። ጭንቅላቱ ግን አልወጣም። ከዚያ ጣቶቹ አንድ በአንድ ለቀቁ።

ጠበቅሁ። አሁን ይወጣል ብዬ። ውሃው ውስጥ አየሁ፤ ሸሚዙ እንደ ነጭ ዓሣ ይገላበጣል። እግሩን መረቡ ይዞታል። ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ወደ ታች ትስበዋለች። ቢላውን ይዤ ተዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። ይበልጥ ስዘረጋ ጀልባዋ ተጋድማ ውሃ ግልብጥ ብሎ ገባ። እዚያ ዓይኔ እያየ እየሞተ ነው፤ አፌ ግን ተቆልፏል። ይታያችሁ፣ ያ ቲነር የሚሸት እጁ አሁንም አፌ ላይ ነበር። ድምፅሽን እንዳልሰማ። ዓይንሽ እያየ ቢገድሉኝም።

ከየት እንደወጣ አላውቅም። ከእግር ጥፍሬ ነው የወጣው።

"ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ! ወንድሜን! ኡኡ!"

ገደሉ ተቀብሎ መለሰልኝ። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ወደ ላይ እንዳነሱ ቆሙ። ፊታቸው ያን ያህል ቶሎ ሊለወጥ የሚችል አይመስለኝም ነበር፤ አንድ ሰው ሄዶ ሌላ ሰው የመጣ ያህል ነው። ከዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች እኔን ተቀብለው ኡኡ አሉ። ሽማግሌው መቅዘፊያውን ውሃ ውስጥ ሰክተው "ቅዘፍ!" አሉ። "ቅዘፍ አንተ! ሰው ነው!"

ጎልማሳው ልብሱንም ሳያወልቅ ዘሎ ገባ። ሽማግሌው ከጀልባችን ጋር ተለጥፈው መረቡን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ይስባሉ፤ የአንገታቸው ሥር ሊፈነዳ ደርሷል። "ቢላ!" አሉኝ። ሰጠኋቸው፤ ተደናብሬ በስለቱ በኩል ነው ያቀበልኳቸው። ጨበጡት። መዳፋቸው ሲሰነጠቅ አየሁ፤ እሳቸው ግን ዞር ብለውም አላዩት፣ አገላብጠው ያዙና መረቡን መቁረጥ ጀመሩ።

ጎልማሳው ከውሃው ብቅ ብሎ "አባባ! የማኅበሩ መረብ እኮ ነው!" አለ።

"ዝጋ! ግባና እግሩን ያዝልኝ!"

ቆረጡት። ለዓሣ የማይበቃ ቀዳዳ አይምሰላችሁ፤ በር የሚያህል ቀዳዳ አወጡለት። ጋሼን እንደ እርጥብ ጆንያ ጎትተው በጀልባቸው ጠርዝ ላይ በሆዱ አጋደሙት። ፊቱ ጠቁሯል። ሽማግሌው በጡጫ ጀርባውን ይደበድቡታል፤ ደማቸው ሸሚዙ ላይ እየታተመ። "ትፋ! ትፋ አንተ ሌባ! ትፋ የኔ ልጅ!" ስድቡንና ልመናውን አንድ ላይ ነው የሚደበልቁት። ጎልማሳውም ከውሃው ወጥቶ እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ ያራግፈዋል። እኔ እዚያ ሆኜ ኡኡ እያልኩ ነው፤ ማቆም አቃተኝ።

ጋሼ ውሃ ተፋ። ደግሞ ተፋ። ከዚያ እንደ በር ሲጥ የሚል ትንፋሽ ሳበ። ሽማግሌው ገለበጡት፤ ዓይኑን መግለጡን አዩ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ፤ በደማው መዳፋቸውም በጥፊ ዠለጡት።

"ይሄ ለመረቤ!" አሉ።

ዳር ወጣን። ጋሼ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ሲያስመልስ ጎልማሳው መጥቶ አንገቱን ያዘው። ጋሼም፣ የሞተ ሰው፣ ተነሥቶ በቡጢ አፍንጫውን አገኘው። ተያይዘው ወደቁ። አንዱ ገና ሕይወቱ እየተመለሰ፣ ሌላው እሱን ለማውጣት ሲጠልቅ ውሃ ጠጥቶ፣ ሁለቱም እያሳሉ ይደባደባሉ። የሚያጥቡት ሴቶች በእርጥብ ልብስ እየመቱ አላቀቋቸው።

"ልትገድለኝ ከሆነ ለምን አወጣኸኝ?" አለ ጋሼ፣ ደም እየተፋ።

"ኡኡ ስለተባለ ነዋ! ላንተ ብዬ መሰለህ? ጠባችን እንዳለ ነው!"

ሽማግሌው ግን አይሰሟቸውም። መረቡን አሸዋው ላይ ዘርግተው ቀዳዳውን ያያሉ። ነጠላዬን ቀድጄ መዳፋቸውን ላስርላቸው ስቀርብ፣ ድምፃቸው አንሶ "ከሰዓት የማኅበሩ ሊቀመንበር ይመጣል" አሉኝ። "መረቡን በዓይኑ ሳያይ አይሄድም። እንግዲህ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አሻጥረኛው እኔ ሆንኩ ማለት ነው።"

"እኛ ነን የቆረጥነው ይበሉ፣ አባቴ" አልኩ።

"እናንተንስ ይለቃችኋል? ከአንዱ ገደል አውጥቼ ለሌላ ገደል ልስጠው?"

"እሰፋዋለሁ።"

ያ ጎልማሳ አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። "መረብ ቀሚስ መሰለሽ? በምን ክር? ክር ከማኅበሩ ካልመጣ እዚህ አንድ ስንዝር አይገኝም!"

ወደ ጀልባችን ሄድኩ። ሸራውን አወረድኩና ስፌቴን መተርተር ጀመርኩ። ድርብ ድርብ ያደረግኩት ናይለን! ጋሼ አየኝ፤ ምን እንደማደርግ ገብቶታል። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና በተተለተለ እጁ ይተረትር ጀመር። የመረብ ቋጠሮ አላውቅም ነበር። ያሳየኝ ያ ሊገድለኝ የነበረው ሰው ነው። ከቀርከሃ በተጠረበች መርፌ፣ ጣቱን እንደ መለኪያ እያስገባ፣ "እንዲህ አዙሪ፣ እንዲህ ውጊ፣ እንዲህ አንቂ" ይለኛል። ስሳሳት "ኤጭ! አንገቱን ነው ያልኩሽ!" እያለ ይቆጣኛል። ትከሻዬ፣ ድንጋዩ ያረፈበት፣ አብጦ ክንዴን ማንሣት ሲያቅተኝ በግራ እጄ ቋጠርኩ። ቆዳዬ ተገፈፈ። ክሩ ከመረቡ ይልቅ ነጭ ስለነበር ሽማግሌው ጭቃ አሹበት።

ሊቀመንበሩ ሽጉጥ ታጥቆ መጣ። መረቡን በጫማው ጫፍ ገለበጠው። አንድ ቦታ ጎንበስ ብሎ ሳበው፤ ቋጠሮው ያዘ። ጀልባችንን፣ ባዶውን ምሰሶ፣ የተፈነከተውን ጋሼን፣ አፍንጫው ያበጠውን ጎልማሳ አየ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ነፋስ" አሉ ሽማግሌው።

"እጅህስ?"

"አምባዛ። እሾሁ ወጋኝ።"

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ "ተጠንቀቅ፣ መርዝ አለው" ብሎ ሄደ።

ጀልባዋን እዚያው ተውናት። ሸራ የላት፣ ጎኗ ተሰንጥቋል። "ለቀበሌው ሰጠመች በሏቸው፤ እኛ ጠግነን እንቀዝፍባታለን" አሉ ሽማግሌው። ስንለያይ ጋሼ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል በደህናው እጃቸው ቀና አደረጉት። "እህትህን ሳም" አሉት። "እኔ የመጣሁት ልገድልህ ነበር።"

የጋራዡ ሾፌር ማታ ወደ ቦሌ መለሰን። ናይለኑ የጋሼን ቁርጭምጭሚት እስከ አጥንቱ ቆርጦት ነበር፤ ለብዙ ጊዜ አነከሰ። ስለ ጩኸቴ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም። ለቀበሌው "ሰጠመች" አለ። አመኑትም አላመኑትም፣ ዶሮዎቼ እንቁላል የሚጥሉበት አጡ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ጋሼ ለሥራ ጫማውን እያሰረ፣ ከአጥሩ ማዶ ያ ድምፅ መጣ። ዝም ብለው የኖሩት እናት ናቸው።

"ኡኡ! ኡኡ! ሴቷን እንኳ ተዉልኝ! የሰው ያለህ!"

የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆምኩ። ጋሼን አየሁት። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ፤ እጁ ሲዘረጋ አፌን ሊይዝ ነው ብዬ ግድግዳው ላይ ተጣበቅሁ። አልፎኝ ሄደ። መቀርቀሪያውን አነሣና ባንድ እግሩ ጫማ፣ ባንድ እግሩ ካልሲ፣ እያነከሰ ወጣ። መንገዱ መሀል ቆመ።

"ኡኡ!" አለ ጋሼ። ያ ወፍራም ድምፁ ተሰነጠቀ። "ኡኡ! ጎረቤት! ኡኡ!"

እኔም ወጣሁ። መጀመሪያ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ያን ጊዜ ነው እውነተኛ ፍርሃት የያዘኝ። ቀጥሎ ከታች አንድ መቀርቀሪያ ተከፈተ። ሌላም። ጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ በካፖርት ወጡ። አንዲት ጎረቤቴ ሊጥ የያዘ እጇን እንደዘረጋች ወጣች። ማንም ምንም አልያዘም፤ ቆመው ማየት ብቻ ነው። ጠመንጃ የያዙት ሦስት ወጣቶች ልጅቷን በክንዷ ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። አንዱ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰው ጎንበስ አለ፣ ግን አልገባም። ሌላው ወደ ጋሼ ሮጠና በሰደፍ አፉን መታው። ጋሼ ወደቀ። በጫማ ጎኑን ረገጠው፤ የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እየረገጠው ቀና ሲል የቆመውን ሰው አየ፤ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት እያየ ዞረ። ሁሉም ያውቁታል። የዚያው ሰፈር ልጅ ነበር፤ ሱሪውን እኔ ነኝ የሰፋሁለት።

ልጅቷን ለቀቋት። "እንመለሳለን" አሉ፤ እየሄዱ ግን ወደ ኋላ ያያሉ። አልተመለሱም፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናትየዋ ልጃቸውን ወደ ውስጥ ከትተው፣ መልሰው ወጥተው ከጋሼ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። በነጠላቸው አፉን ይጠርጋሉ። የፊት ጥርሶቹ የሉም።

"ልጄ" አሉት፣ "አንተን ቢገድሉህስ? ለምን ወጣህ?"

ጋሼ ደሙን ተፋና፣ ግራ የተጋባ ሰው እንደሚያይ አያቸው።

"ኡኡ ብለው የለ እንዴ?" አላቸው።